ምራቴ የማትቀምሰው ገንፎ

ጥቅምት 17 ቀን 2014፣ ረቡዕ፣ እስጢፋኖስ

ኑኃሚን ጎህ ሳይቀድ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ተመስገን። የልጁ አባት፣ ልጄ ምስክር፣ የለም። ሰኞ ዕለት ሚኒባሱን ሰው ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ እንደወረደ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ያዋለደቻት ጎረቤታችን መስኡዳ ናት፣ የኡስማን ሚስት። ለወንድ ልጅ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል። ሌላ ሴት በቤቱ ስላልነበረ ሰባቱንም ለብቻዋ ተወጣችው፤ ከወደ ውጫሌ መድፍ ይሰማ ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ እንደምታወራ። እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ሠርክአዲስ ብትኖር ማድቤት ደጃፍም አታስቆመኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏል፤ ነፍሷን ይማር። ኑኃሚን በሙሽርነት እዚህ ቤት ስትገባ አልደረሰችባትም። እኔ ግን ስታገነፋ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ነጭ ገብስ፣ ደህና ተደርጎ የታመሰ። ውሃው ሲንተከተክ ጥቂት ጨው። ከዚያ ማማሰያውን ይዞ አለመልቀቅ። መሐሉ ይጎደጎድና ቅቤና በርበሬ። መስኡዳ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ "አያ ታመነ፣ ምነው እንደ ውሃ ቆጣሪ አጎንብሰህ ታነበዋለህ፤ አማስለው እንጂ" አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን የሰው ግቢ እየገባሁ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ስለኖርኩ ነው።

ኑኃሚን አልቀመሰችውም። "ይተውት አባባ፣ እበላለሁ" አለች። ሲመሽም እንደነበረ ነው።

ጥቅምት 18

ያደረውን ገንፎ እንዳይበላሽ ብዬ እኔ በላሁት። ትናንት ረቡዕ ስለሆነ ቅቤ አልቀመስኩም ነበር። ጨው በዝቶበታል እንጂ የሠርክአዲስን ይመስላል። ሳላስበው ሳህኑን ጠረግሁት።

ጥቅምት 19

ሰዉ ወደ ደሴ እየሸሸ ነው። በእግሩ፣ በአህያ፣ በባጃጅ። ኡስማን "ታንኳዬን ለማን ጥዬ" ብሎ ቀረ። ኑኃሚን ደም ፈሷታል፣ ቆማ መሄድ አትችልም። እኛም ቀረን።

ጥቅምት 20

ገቡ።

ጥቅምት 23

የማድቤቱን በር ገንጥለው አነደዱት። ምጣዱም የለም። ገብሱ ጎታው ሥር ስለነበር ሳያዩት ቀረ። ምድጃውን ወደ ዋናው ቤት አስገባሁት። የጓዳውን ጣራ ፍንጣሪ በስቶታል፤ ስለዚህ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ እኔ በዚህ ጥግ፣ እነሱ አልጋው ላይ። አራስ ቤት ወንድ እንዲህ መቀመጡ ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማን አለና?

ለልጁ የሽንት ጨርቅ አጣን። በጓዳውና በሳሎኑ መሐል የነበረውን መጋረጃ ቀደድኩት። ጥሩ ጨርቅ ነበር፣ ለስላሳ።

ጥቅምት 26

ራዚያ መጣች። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ጤና ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ ሚዛኗን በጨርቅ ጠቅልላ በጓሮ በጓሮ ትዞራለች። ልጁን አንጠልጥላ መዘነችው። ፊቷን አየሁና ስንት ሆነ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ዕድሜ ልኬን ቁጥር ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ቁጥር ፈራሁ።

ወደ ውጭ አወጣችኝ። "ጡቷ ባዶ ነው" አለችኝ። "መድኃኒት የለኝም። የቆርቆሮ ወተት የሚሸጥ ሱቅም የለም። የእሷ መድኃኒት ምግብ ነው። ጠግባ ካልበላች ልጁ ወር አይደፍንም፤ አልዋሽዎትም። ያሉት እርስዎ ነዎት። ቁጭ ብለው ያብሏት። ሳህኑ ባዶ ሲሆን በዓይንዎ ይዩ።"

እሺ አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ በርጩማዬን አልጋው ሥር አስጠግቼ፣ ሳህኑን ከፊቷ አድርጌ፣ እስክትጨርስ አልነሳም።

ጥቅምት 27

ሦስት ጉርሻ። በቃ።

ጥቅምት 28

አንድ ጉርሻ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ አንገቷን ደፋች።

"ጨው አነሰው?"

"አይ አባባ።"

"ቅቤው ከረረብሽ?"

"አይ፣ ጥሩ ነው።"

ጥሩ ከሆነ ለምን አይበላም። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኋት። ገንፎው ቀዘቀዘ። አሞቅሁት። ደግሞ ቀዘቀዘ። ልጁ ሲያለቅስ ድምፁ ዓይኑን ያልገለጠ የድመት ግልገል ነው።

እንግዲህ ምግቡን አልወደደችውም ማለት ነው። የአምባሰል ልጅ ናት፣ አባቷ ከግሸን ሥር ያሉ መሪጌታ ናቸው። የእነሱ አሠራር ሌላ ይሆናል። ግን እንዲህ የሚያስጠላ ነገር አለው? ሠርክአዲስ ይህን ገንፎ ስታወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ማንኪያውን ይዞ ይመጣ ነበር።

ጥቅምት 30

ዛሬ ቤቴ ሸንጎ ተቀመጠ። እማሆይ እናትነሽ ሕፃኑን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። መስኡዳና ኡስማንም በጓሮ ገቡ። ኑኃሚን አልበላ አለች አልኳቸው። ሁሉም የየራሱን አመጣ።

እማሆይ፣ "ለአራስ አጥሚት ነው እንጂ። የገብስ አጥሚት፣ ማር ጠብ አድርጎ" አሉ።

"አጥሚት ሆድ ይነፋል" አለች መስኡዳ። "ወተት የሚያወርደው አብሽ ነው። እኔ ወላሂ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት በአብሽ ነው።"

"እሷ አብሽ ለጥርስ ሕመምም ታዛለች" አለ ኡስማን። "የቆሮሶ ራስ ቀቅላችሁ ሾርባውን ስጧት። ከሐይቁ ዳር በመንጠቆ ላመጣ እችላለሁ።"

እማሆይ ተቆጡ። "አራስ ዓሣ በልታ? ልጁ እንደ ዓሣ ዲዳ ሆኖ ሊቀር?"

"ቢሆንስ እማሆይ። በዚህ ዘመን አፉን የያዘ ነው የሚያድር።"

ሳቅን። ኑኃሚንም ነጠላዋ ሥር የሳቀች መሰለኝ። መስኡዳ ዶሮዋን ልትሰጠኝ ፈልጋ ነበር፣ "ራስህ ባርከህ እረዳት" ብላ፤ ግን ዶሮዋን ጠዋት ወስደውባታል።

እኔ ገንፎ ነው አልኩ። ምስክርን ገንፎ ነው ያሳደገው አልኳቸው።

መስኡዳ አየችኝ። "ምስክር ጨጨብሳ ነበር የሚወደው። በርበሬውን አብዝተሽ እያለኝ እኛ ቤት አይደል እንዴ የሚበላው።"

አላውቅም ነበር። ገንፎ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ይበላ ነበር።

ኅዳር 2

አጥሚት። ከንፈሯን አረጠበችበት።

ኅዳር 3

ኡስማን ሁለት ቆሮሶ አመጣ። አርብ ስለሆነ እኔ አልቀምሰው፤ ባይሆንም የዓሣ ሽታ አይስማማኝም። እስትንፋሴን ይዤ ቀቀልኩት። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ "በዪ ልጄ፣ በዪ" እያልኩ ጠበቅሁ። ሾርባውን አፏ ጋ አደረሰችውና ዓይኔን ስታይ እጇ ተመለሰ።

እመቤቴ ሆይ፣ ምን ላድርግ።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ገንፎ አስቀምጬላት፣ መስኡዳ እንድታያት ለምኜ ቅዳሴ ሄድኩ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። መስኡዳ አብሽ በማር ይዛ መጥታ ነበር፤ ያ ጽዋም ባዶ ነው።

"በላች?"

"በላች እንጂ።"

"ገንፎውንስ ማን በላው? አንቺ ነሽ?"

"እኔማ አንድ ሁለት ጉርሻ ቆረስኩ፣ አልዋሽም።"

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ቅር አለኝ። እንዲህ ነው ነገሩ፤ አብሹን ጠጣች፣ ገንፎውን መስኡዳ ጨረሰችው። ከእኔ ቤት ገንፎ የጎረቤት አብሽ በለጠባት። በምግብ መቅናት ለሽማግሌ ያሳፍራል፤ ለንስሐ አባቴ እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? ግን ቀናሁ።

ኅዳር 6

መስኡዳ እንዳሳየችኝ አብሹን አጥቤ፣ ዘፍዝፌ፣ መትቼ አቀረብኩላት። ልክ እንደ እሷ። ተቀምጬ ጠበቅኋት።

አልጠጣችም።

ኅዳር 8

ኡስማን ጨው ፍለጋ በእግሩ እስከ ደሴ አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ከደጅ ጠራኝ። መንገድ ዳር የተቃጠለ ሚኒባስ አይቷል። ውስጡ ሰው አልነበረም አለ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሰው የለም፣ ብረቱ ብቻ ነው አለ። ጣራው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ ግማሹ ሳይነድ ቀርቷል። አረንጓዴ ቀለም ነው።

አረንጓዴ የሚቀባ ብዙ ሰው አለ። ምስክርና እኔ ቀለሙን ከደሴ ስንገዛ ሱቁ ውስጥ የዚያ ዓይነት ቆርቆሮ እስከ ጣራው ተደርድሮ ነበር። ያን ሁሉ የገዛ ሰው አለ ማለት ነው።

ለኑኃሚን አልነገርኳትም። ብትሰማ ያችው ጠብታ ወተትም ትደርቃለች። ኡስማንንም እንዳትናገር አልኩት። አሁን ከአጠገቧ መነሳት ጭራሽ አልችልም። ሰው ሲገባ እፈራለሁ፣ ሳላዳምጥ አንድ ቃል ያመልጠዋል ብዬ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን በቅጡ መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ረፋዱ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ገቡ። አንደኛው አጥሩ ጋ ቆመ፤ ሌላዋ ሴት ናት። ፀጉሯን እስከ አንገቷ ተሠርታዋለች፣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ እግሯ ቆስሏል። ገንፎውን ገና ማውጣቴ ነበር። ወደ አልጋው ስታይ ሕፃኑን አየችው። ጠመንጃዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

"አባት፣ ውሃ አምጣ" አለችኝ።

ቧንቧ ከቆመ ሰንብቷል። ከኡስማን ጉድጓድ ለመቅዳት ሄድኩ። እየሮጥኩ ነው የሄድኩት፣ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ሁለቱ ከአንድ ሳህን እየበሉ ነው።

ታጣቂዋ በተሰባበረ አማርኛ "እኛ ቤት በርበሬ እንዲህ አይበዛም። ዙሪያውን እርጎ ነው። እናቴ እርጎውን ታበዛዋለች" ትላለች። ኑኃሚን "እርጎ ከገንፎ ጋር? አይቀዘቅዝም?" ብላ ጠየቀቻት። ትላልቅ ጉርሻ እየጎረሰች ነው የጠየቀቻት። ጉንጯ ሞልቶ። እኔን ሁለት ቃል የማትመልስልኝ ልጅ ስለ እርጎ ታወራለች።

እግሬ ሲገባ እጇ ወደቀ። ነጠላዋ ወደ አፏ ሄደ። ታጣቂዋ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀችና በቋንቋዋ አጥሩ ጋ ላለው ጓደኛዋ አንድ ነገር ተናገረች። ውሃውን ጠጥታ ተነሳች። ስትወጣ የዱቄቱን ስልቻ ይዛ ወጣች። "ጨርሼ አልወስድም" ብላ አንድ ሁለት ጣሳ ሰፌዱ ላይ ገለበጠችልኝ።

ስለ ዱቄቱ አይደለም። ጠመንጃ ከያዘች ጋር ሳህን ተጋርታ ትበላለች፤ ከእኔ እጅ ግን አይወርድላትም። ያው ገንፎ ነው፣ ያው ቅቤ፣ ያው ሳህን። ልጄን ያሳጣኝ ማን እንደሆነ አታውቅም? ምን እያልኩ ነው፤ ልጄን ማን አሳጣኝ። ሚኒባሱ ባዶ ነበር።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እሑድም ነው፣ ክብረ በዓልም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም። እኔ ከሌለሁ ማን ያበላታል ብዬ ቀኑን ሙሉ ከበርጩማው አልተነሳሁም።

አንድም ጉርሻ አልበላችም።

ኅዳር 13

ጮህኩባት። "የሚቀፍሽ የቤቴ ምግብ ነው ወይስ እኔ ነኝ?" አልኳት። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ልጁን ልትገይው ነው?" አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እስጢፋኖስን የምሳለም፣ ጠዋት ማታ ውዳሴ ማርያም የምደግም ሰው። እንባዋ ሕፃኑ ግንባር ላይ ጠብ ሲል አየሁ። ልጁ ምላሱን አወጣ፣ ጡት መስሎት።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቅቤ የነካውን የተረፈ ምግብ ከእንግዲህ እኔ አልበላውም። ይህን ስጽፍ ነው ለካ እስከ ዛሬ ስንት ሳህን እንደጨረስኩላት የታወሰኝ። ማድቤት ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሠርክአዲስን እጅ እየቀመስኩ። ለአራሷ ነው የማገነፋው እያልኩ ለማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ኅዳር 16

ልጁ ማልቀስ ተወ። ኡስማን ዝም የሚል ልጅ ብሎ ያሾፈው ትዝ አለኝና ጆሮዬን ደረቱ ላይ አስጠጋሁ። አናቱ ላይ እርግብግቢቱ ጎድጉዷል። ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም።

ሕፃኑ ክርስትና አልተነሳም። ሳይጠመቅ ቢሆንስ። አልጽፈውም።

ኅዳር 17

ራዚያን ፈልጌ አጣኋት። መንገድ ተዘግቷል።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

መስኡዳ ሳትመጣ ሰንብታ ዛሬ መጣች። ቤቷን ታጣቂዎች ሞልተውት ስለነበር መውጫ አጥታ ነው። እኔ ቦታዬ ላይ ነበርኩ፤ ማንኪያውን ይዤ፣ ጉልበቴ አልጋውን ነክቶ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችኝ።

"እያበላኋት ነዋ።"

"እንዲህ ሆነህ?"

"ታዲያ እንዴት ልሁን?"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነህ?"

"ራዚያ ካዘዘችኝ ጀምሮ ተነስቼ አላውቅም" አልኳት። ኮርቼም ነበር የነገርኳት።

"ሱብሃነላህ" አለችና በእጅጌዬ ጎትታ ከደጅ አወጣችኝ። "አያ ታመነ፣ ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት በቤትህ ስትኖር ስትበላ አይተሃት ታውቃለህ?"

እንዴት አላይም ልላት አፌን ከፈትኩ። ስታቀርብ አያታለሁ። እጅ ስታስታጥብ፣ ወጥ ስትጨምር፣ ምስክርን "ብላ እንጂ" ስትል። ከዚያ ሳህን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። መጋረጃው ይወርዳል። እኔ ደግሞ ሬዲዮ እከፍታለሁ። አፏ ሲላወስ አይቼ አላውቅም። አለማየቴንም አላውቅም ነበር።

"የመሪጌታ ልጅ ናት" አለች መስኡዳ። "ምራት በአማቷ ፊት አትበላም ተብላ ነው ያደገች። በእናንተም በእኛም ያለ ነው። ሞታ ትገኛታለህ እንጂ አንተ ጥርሷን እየቆጠርክ አትውጥም።"

"ይሄ ነገር እኮ ድሮ ቀርቷል።"

"ላንተ ቀርቷል። ለእሷ መቅረቱን ማን ነገራት?"

"ሊሞት ነው እኮ ልጁ። ለዚህ ስትል?"

"በፈቃዷ መሰለህ? ጉሮሮዋ ነው የሚዘጋ። እኔ አማቴ ፊት ውሃ ስጠጣ ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።" ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። "ሠርክአዲስ ብትኖር በሙሽርነቷ ወራት በእጇ አጉርሳት፣ 'ከእንግዲህ ልጄ ነሽ፣ ፊቴ ብዪ' ትላት ነበር። እዚህ ቤት ያን የሚላት ሰው አላገኘችም።"

"እንግዲያው እኔ ደጅ እቀመጣለሁ።"

"ደጅ ከተቀመጥክ ይወስዱሃል። ደግሞ እሷ ቀና ማለት አትችል፣ ማን ደግፎ ያብላት? እኔ ዛሬም የመጣሁት ተሰርቄ ነው። አንተው አጉርሳት።"

"ወንድ አማት ለምራቱ ሲያጎርስ ማን አይቶ ያውቃል?"

"ዘንድሮ ያየነውን ሁሉ ማን አይቶ ያውቃል፣ አያ ታመነ።"

ልትሄድ ስትል ዞር አለች። "ለመሆኑ ምን ትወጃለሽ ብለሃታል?"

"ጠይቄያታለሁ። ጨው አነሰው ወይ ብዬ።"

አንገቷን ነቅንቃ በጓሮ ሄደች።

እኔ ነኝ ያስራብኳት። ሳህኑን እየሰጠሁ አስራብኳት። አልጋው ሥር ተቀምጬ፣ እየጸለይኩ፣ ቅዱስ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ። የምትሸሸግበትን መጋረጃም የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 19፣ እሑድ

ቅዳሴ አስቀድሼ ተመለስኩ። በርጩማውን ወደ ግድግዳው አራቅሁት፣ መልሼ አመጣሁት። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። በመጨረሻ፣ "ኑኃሚን፣ አባትሽ ቤት ሲያምሽ ምን ነበር የሚሰጡሽ?" አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ከሁለት ቃል በላይ መልሳልኝ አታውቅምና የምትመልስ አልመሰለኝም።

"የማሽላ ገንፎ" አለች። "በተልባ።"

ማሽላ። ከሰባ ሰባት ወዲህ ማሽላ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ዋናው መንገድ ዳር ተሰልፈን በቆርቆሮ ይሰፈርልን ነበር፣ ቀይ፣ ቀጭን፣ የጭስ ሽታ ያለው። እሱን እየበላን ሁለት እህቶቼን ቀበርን። ሠርክአዲስን ሳገባት የነገርኳት የመጀመሪያው ነገር በቤቴ ማሽላ አይገነፋም የሚል ነው። ገብስ ለእኔ ያ ዘመን አለፈ ማለት ነበር። ይቺ ልጅ ደግሞ በቆላው አምባሰል፣ በማሽላ አገር ነው ያደገችው፤ ሲያማት እናቷ ግንባሯን ዳብሳ የምታበላት እሱን ነው። ጥፋቱ የምግቡ አይደለም፣ ሁላችንም የበላንበትን ዘመን ነው የምናስታውስ።

መስኡዳ ዘንድ በጓሮ ሄጄ የማሽላ ዱቄት ለመንኳት። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጣ አዲስ እህል ነበራት፤ በእጅ ወፍጮ የፈጨችውን አንድ ጣሳ ሰጠችኝ። ተልባውንም። ሳገነፋው ሽታው ሲመታኝ ወደ ደጅ ወጥቼ አየር ስቤ ተመለስኩ። ተልባውን ቆልቼ ወቀጥኩት፣ በጥብጬ መሐሉ አፈሰስኩት።

አልጋው ጋ ቆምኩ። የተቀመጥኩ እንደሆነ ያው የድሮው ጠባቂ እሆንባታለሁ ብዬ ቆምኩ። ጉርሻውን ጠቀለልኩ።

"ኑኃሚን" አልኳት። "እናታችሁ ሠርክአዲስ በሕይወት ብትኖር ይህን የምታደርገው እሷ ነበረች። እኔ አላወቅሁበትም። ዛሬ በእሷ ምትክ ነኝ። ከእንግዲህ ልጄ ነሽ፣ ፊቴ ብዪ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጄ አየር ላይ ቀረ። ተልባው በጣቶቼ መሐል ይንጠባጠባል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ክንዴ ዛለ። አላወረድኩትም።

ዞረች። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲወርድ አየሁት። ሁለተኛ አጎረስኳት፤ ሦስተኛውን ራሷ ቆረሰች። ትንንሽ ነበር፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ ያቺ ታጣቂ ጋ እንደበላችው። ሳህኑ ግማሽ ሲደርስ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች። "እርስዎም ይቅመሱ፣ አባባ። ብቻዬን አይሆንም።"

ጎረስኩ። ያው ነው፣ የዚያን ዘመን ጣዕም ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ዋጥኩት።

ማምሻውን ደግሜ አገነፋሁ። ከመብላቷ በፊት ልጁን አጠባችው። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ጥቂት ስቦ ተወው። ከዚያ ቆይቶ እንደገና ያዘ። ሲውጥ ድምፁ ተሰማኝ። ሲለቅ ከከንፈሩ ጥግ ነጭ ነገር ወደ አገጩ ወረደ። በጣቴ ጠረግሁት፣ ወተት ነው። ይድናል ብዬ ለመጻፍ እፈራለሁ። ወተት ነው፣ ያየሁት ይህን ነው።

ሳህኑን አመጣሁላት። ተቀመጥኩ፤ "ይቀመጡ" ስላለችኝ ነው የተቀመጥኩ። በላች። መሐል ላይ ቀና ብላ ዓይኔን አየችው። በዚህ ቤት ዓይኔን እንዲህ አይታው አታውቅም።

"አባባ፣ ስለ ምስክር የሰሙት ነገር አለ። ስበላ ዓይንዎን የማይነቅሉት ለማብላት ብቻ አይደለም።"

ልዋሻት እችል ነበር። ሚኒባስ ብዙ ነው የሚለው አፌ ላይ ነበር። ግን አሁን ፊቴ ብዪ ብያት፣ ፊቷ ልዋሽ?

ነገርኳት። ኡስማን ያየውን፣ የተቃጠለውን፣ አረንጓዴውን ቀለም። ውስጡ ሰው እንዳልነበረም ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ አልኳት።

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። አሁን አለቀ አልኩ በልቤ፤ ይሄው ወተቷን አደረቅሁት አልኩ። ልጁ እቅፏ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ወደ ታች አየችው። ከዚያ ከሳህኑ ጠርዝ ቆረሰች፣ ተልባውን አጠቀሰች፣ ጎረሰች። እንባዋ እየወረደ አኘከች። ደግሞ ቆረሰች። ከእንባዋ ጋር ዋጠችው፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ከእኔ ሳትዞር።

እኔም ከሳህኑ ቆረስኩ። እስኪያልቅ ድረስ አብረን በላን።